በደም የተሻገረ ትእዛዝ፦ የጉበት ሴል እንዲከፋፈል የሚያዝዘው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1967 ፍሬድሪክ ሙልተንና ናንሲ ቡቸር የሁለት የላቦራቶሪ አይጦችን ደም አገናኙ። ከአንዷ የአንገት ደም ቅዳ ወደ ሌላዋ የአንገት ደም መልስ ቀጭን ቱቦ ዘረጉ፤ በተቃራኒው አቅጣጫም እንዲሁ። ከአንዷ ልብ የወጣው ደም ብዙም ሳይቆይ በሌላዋ ጉበት ውስጥ ያልፋል። ከሁለቱ የአንዷ ጉበት አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ ወጥቷል። የሌላዋ ጉበት አልተነካም፤ ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ የሚሞላው ጉድለት የለበትም። ሆኖም ከሰዓታት በኋላ የዚህችኛዋ፣ ያልተቆረጠችው፣ ጉበት ሲመረመር ሴሎቿ ዲኤንኤያቸውን በብዛት መቅዳት ጀምረው ተገኙ። ሊከፋፈሉ እየተሰናዱ ነበር።

ያልጎደለ ጉበት ስለ ምን ይከፋፈላል? በሁለቱ አይጦች መካከል የተገናኘ ነርቭ የለም። ከደም በቀር መንገድ አልነበረም። እንግዲያው በደም ውስጥ የሚጓዝ አንድ ነገር ነበረ ማለት ነው። ያ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያ በኋላ አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ያንን ፍለጋ ነው። ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር፦ ፍለጋውን ያዘገየው የመሣሪያ እጥረት ብቻ አልነበረም። ሁሉም አንድ አዛዥ ይፈልግ ነበር። ጉበት ግን የሚሠራው በአንድ አዛዥ አይደለም።

ከሙከራው በፊት የነበረው

መነሻው የ1931 ሥራ ነው። ሂጊንስና አንደርሰን የአይጥን ጉበት ሁለት ሦስተኛ ያህል ቆርጠው የሚያወጡበትን ዘዴ ያኔ አሳተሙ፤ ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል። የአይጥ ጉበት እንደ ሰው ጉበት አንድ ወጥ አይመስልም፤ እንደ ቅጠል ጎን ለጎን የተደራረቡ ሎቦች አሉት። ሆዱ ከተከፈተ በኋላ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ሎቦች በቀስታ ወደ ውጭ ይሳባሉ፣ ከሥራቸው ላይ በክር ይታሰራሉ፣ ቀለማቸው ሲጠቁር ይቆረጣሉ። ከኋላ ያሉት ትንንሾቹ ሎቦች ይቀራሉ። እነሱን ቢላዋም እጅም አልነካቸውም። የዘዴው ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ በቀረው ሥጋ ውስጥ የሚታየው ለውጥ ሁሉ ከቁስል የመጣ ሳይሆን ከጉድለት የመጣ ነው።

በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን ውስጥ ጉበቱ ወደ ቀድሞ ክብደቱ ይጠጋል። ብዙ ሰው የተቆረጠው ሎብ ተመልሶ የሚበቅል ይመስለዋል። አይበቅልም። የቀሩት ትንንሽ ሎቦች ናቸው እያበጡ የጎደለውን የሚተኩት፤ ቅርጹ አይመለስም፣ መጠኑ ይመለሳል። ለዚህም ነው ሰውነት የሚቆጥረው የጉበቱን መልክ ሳይሆን የሚሠራውን ሥራ ነው የሚባለው።

በጤነኛ ጎልማሳ አይጥ ጉበት ውስጥ የሚከፋፈል ሴል ለማግኘት በማይክሮስኮፕ ብዙ መፈለግ ያስፈልጋል። ሴሎቹ አልሞቱም፣ አላረጁም፤ ሥራ ላይ ናቸው፤ ብቻ ከመከፋፈል ዑደት ወጥተው ተቀምጠዋል። ከቀዶ ጥገናው 24 ሰዓት ገደማ በኋላ ያንኑ ሥጋ ስታዩት ሌላ ዓለም ነው። በራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጂን ምልክት የተደረገበት ታይሚዲን (ዲኤንኤ ከሚሠራባቸው ንጥረ ነገሮች አንዱ) ቀደም ብሎ ለአይጧ ተሰጥቶ ከሆነ፣ አዲስ ዲኤንኤ እየሠሩ ያሉት ሴሎች አስኳል ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ነጠብጣቡ መጀመሪያ የሚበዛው ደም ከአንጀት ወደ ጉበት በሚገባበት ጠርዝ ዙሪያ ነው፤ ከዚያ እንደ ማዕበል ወደ መሐል ይሄዳል። የጉበት ሴሎች ሲቀድሙ፣ የደም ሥሮቹን ግድግዳ የሚሸፍኑትና ሌሎቹ ሴሎች ዘግየት ብለው ይከተላሉ። ስሌቱም ግልጽ ነው፦ ከሦስት አንድ እጅ የቀረ ጉበት እያንዳንዱ ሴሉ አንድ ጊዜ ቢከፋፈል ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሴሎች አንድ ጊዜ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሁለት ጊዜ መከፋፈል አለባቸው፤ የሴሎቹ መወፈርም የድርሻውን ያግዛል።

የሙከራው ጥንካሬና ክፍተት

ደምን የማገናኘት ሐሳብ በ1967 የተጀመረ አይደለም። ቡቸር ራሷ በ1951 ከባልደረቦቿ ጋር በቆዳቸው የተሰፉ አይጦችን ተጠቅማ ሞክራው ነበር። እንዲህ የተሰፉ እንስሳት የሚጋሩት ደም ግን በቆዳ ውስጥ በሚያልፉ ጥቃቅን ሥሮች ስለሚሄድ ልውውጡ አዝጋሚ ነው። በዚያ ዘመን አንዱ ላቦራቶሪ ያየውን ሌላው አላየሁም ይል ነበር፤ ክርክሩ ለዓመታት አልተቋጨም። የ1967ቱ ቱቦ የለወጠው ይህንን ነው። ልውውጡን ፈጣን አደረገው፤ በደም ውስጥ ቶሎ የሚጠፋ ነገር ቢኖር እንኳ ሳይጠፋ ወደ ሌላዋ እንዲደርስ ዕድል ሰጠው።

ነገር ግን ሙከራው አንድ ቀዳዳ ነበረው፤ ያንን ቀዳዳ ማየት ከውጤቱ እኩል የሚያስተምር ይመስለኛል። የተቆረጠችው አይጥ ደም ለጤነኛዋ ምን አመጣላት? «ተከፋፈይ» የሚል አነቃቂ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም መልስ ነበረ። በዚያን ጊዜ ብዙዎች እያንዳንዱ የሰውነት ክፍል የራሱን እድገት የሚያግድ ነገር ወደ ደም ይለቃል ብለው ያምኑ ነበር፤ ቻሎን ብለው ሰይመውታል። ይህ እውነት ከሆነ፣ የተቆረጠችው አይጥ ትንሽ ጉበት ስላላት ትንሽ አጋጅ ታመነጫለች፤ ደሟ ከጤነኛዋ ደም ሲቀላቀል አጋጁን ያቀጥነዋል፤ ጤነኛው ጉበትም ማንም ሳያዝዘው፣ ልጓሙ ስለላላለት ብቻ ይከፋፈላል። ሁለቱም ማብራሪያ ለአንድ ዓይነት ውጤት ይሆናል። በቱቦ ብቻ መለየት አይቻልም። የሚለያቸው አንድ ነገር ነበር፦ አነቃቂውን ከደም ነጥሎ፣ አጋጅ በሌለበት ሳህን ውስጥ ባሉ የጉበት ሴሎች ላይ ማሳየት።

ደሙ ወደ ጉበት የሚገባበት በር

በተመሳሳይ ዘመን፣ ከሌላ አቅጣጫ፣ የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝል ከጉበት ንቅለ ተከላ ጋር እየታገለ ሳለ እንግዳ ነገር ይገጥመው ነበር። በውሻ ውስጥ ተጨማሪ ጉበት ሲተከልና ከሆድ ዕቃ የሚመጣው ደም ሳይደርሰው ሲቀር፣ አዲሱ ጉበት ይሟሽሻል። ከሆድ፣ ከአንጀት፣ ከቆሽትና ከጣፊያ ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚያስገባው ትልቁ ሥር ፖርታል ቬን ነው። ሁሉም የሚገምተው ይህ ደም ምግብ ስለሚያመጣ ጉበቱን ያወፍረዋል ብሎ ነበር። ስታርዝልና ባልደረቦቹ ግምቱን በጥሩ ዘዴ ፈተኑት፦ በአንድ ውሻ ጉበት ውስጥ አንዱን ወገን ከቆሽትና ከላይኛው የሆድ ክፍል በሚመጣ ደም፣ ሌላውን ወገን ደግሞ ከአንጀት በሚመጣ ደም እንዲኖር አደረጉ። ምግቡ የሚያልፈው በሁለተኛው ወገን ነው። የሟሸሸው ግን ራሱ ምግብ የደረሰው ወገን ሆነ። የቆሽት ደም የደረሰው ወፈረ፣ ተከፋፈለ።

ከቆሽት የሚመጣ ነገር ሲባል የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ኢንሱሊን ነው። በ1975 የፖርታል ደም ጨርሶ ወደ ጉበት እንዳይገባ በተደረገባቸው ውሾች ላይ ኢንሱሊን በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ በቀጥታ ሲሰጥ፣ የደረሰው ወገን ሴሎች ከመሟሸሽ ዳኑ፤ ያልደረሰው ወገን ሟሸሸ። በዚያው ዓመት ቡቸርና ስዋፊልድ የሆድ ዕቃቸው በወጣ አይጦች ኢንሱሊንና ሌላው የቆሽት ሆርሞን ግሉካገን አንድ ላይ ሲሰጡ የዲኤንኤው ሥራ ሊመለስ እንደሚችል አሳዩ።

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ «ተገኘ» ብሎ ነበር። አልተገኘም። ለጤነኛ እንስሳ ኢንሱሊን ብቻውን ቢሰጥ ጉበቱ በመከፋፈል አይጨምርም። ሳህን ውስጥ ያሉ የአይጥ ጉበት ሴሎችም በኢንሱሊን ብቻ ዑደት ውስጥ አይገቡም። ኢንሱሊን ሲጎድል ጉበት ይዳከማል፣ ሲኖር ጥሪ ለመስማት ዝግጁ ይሆናል፤ ጥሪው ግን ከሌላ ነው። በ1976 ሳህን ላይ የተሠራው ሙከራ ይህንን ግልጽ አደረገ፦ ኢጂኤፍ የተባለው የእድገት ፋክተር ከኢንሱሊንና ከግሉካገን ጋር ሲሰጥ የጎልማሳ አይጥ ጉበት ሴሎች ዲኤንኤ መሥራት ጀመሩ። ኢጂኤፍ ራሱ በስታንሊ ኮኸን ከአይጥ ምራቅ ዕጢ የተገኘ ፕሮቲን ነው፤ በትንሹ አንጀት መግቢያ ያሉ ዕጢዎችም ይሠሩታል፤ ከዚያ በፖርታል ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ይደርሳል።

የቀዶ ጥገና ክፍል ይህንን እውቀት በተግባር ይጠቀምበታል። ሐኪሙ ትልቅ የጉበት ክፍል ሊቆርጥ ሲያስብና የሚቀረው አነስተኛ ሆኖ ሲታየው፣ አስቀድሞ የሚቆረጠውን ወገን የፖርታል ቅርንጫፍ ይዘጋዋል። ደሙ፣ ሆርሞኖቹና የእድገት ፋክተሮቹ ሁሉ ወደ ሌላው ወገን ይዞራሉ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሚቀረው ወገን ያድጋል፤ ቀዶ ጥገናው ያን ጊዜ ይሆናል። ያቺ የስታርዝል ውሻ ያስተማረችው ነገር ዛሬ ሕመምተኛን ከጉበት ድካም የሚያድን ሆኗል።

ኤችጂኤፍ፦ ስም ያገኘው መልእክተኛ

የ1967ቱ ሙከራ ያለበት ቀዳዳ በ1980ዎቹ ተደፈነ። በ1984 ቶሺካዙ ናካሙራና ባልደረቦቹ ጉበታቸው ከተቆረጠ አይጦች ሴረም ውስጥ ሳህን ላይ ያሉ የጉበት ሴሎችን የሚያነቃቃ ነገር እየለዩ ነበር፤ በዚያው ወቅት የጆርጅ ሚካሎፖሎስ ቡድንም ሄፓቶፖይቲን ብሎ የጠራውን ተመሳሳይ ነገር ይፈልግ ነበር። በ1988 ደግሞ በድንገተኛ የጉበት ውድቀት ከታመሙ ሰዎች ፕላዝማ ተጣርቶ ወጣ። በ1989 ጂኑ ሲነበብ አንድ ፕሮቲን መሆኑ ታወቀ፤ ኤችጂኤፍ ይባላል፣ የጉበት ሴል እድገት ፋክተር እንደ ማለት። በ1991 በሴሉ ላይ የሚቀበለው ሪሴፕተር ሜት እንደሆነ ተለየ። ሜት ቀደም ብሎ በካንሰር ጂንነት የታወቀ ነበር። ስለዚህም ኤችጂኤፍን እንደ መድኃኒት ስለ መስጠት በተወራ ቁጥር የሚነሣው ፍርሃት ከጅምሩ አብሮት አለ። በ1995 ጂኑ የሌላቸው የአይጥ ሽሎች ሳይወለዱ እንደሚሞቱ፣ ጉበታቸውም አንሶ እንደሚገኝ ታየ።

ኤችጂኤፍን የጉበት ሴል ራሱ አይሠራውም። የሚሠሩት ከአጠገቡ ያሉ ሌሎች ሴሎች ናቸው፣ በተለይ በጉበት ሴልና በደም ሥሩ መካከል የሚቀመጡት ስቴሌት ሴሎችና የደም ሥሩን ግድግዳ የሚያለብሱት። ሠርተውም ወዲያው አይለቁትም። በአንድ ሰንሰለት መልክ፣ ገና ሥራ በማይሠራበት ሁኔታ፣ ሴሎቹ ዙሪያ ባለው የፕሮቲን ድር ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል። ጉበቱ ሲቆረጥ ቀድሞ በመላው ጉበት ይከፋፈል የነበረው የፖርታል ደም በአንድ ሦስተኛው ላይ ይወርዳል፤ በያንዳንዱ ግራም ላይ የሚያልፈው ደም ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በደቂቃዎች ውስጥ ዩሮካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ይበረታል፣ ድሩን ማፍታታት ይጀምራል፣ የተቀመጠውን ኤችጂኤፍ ቆርጦ ወደ ሁለት ሰንሰለት ይለውጠዋል። የሚሠራው ያን ጊዜ ነው። በሰዓታት ውስጥ በደም ውስጥ ያለው የኤችጂኤፍ መጠን ከቀድሞው በብዙ እጥፍ ከፍ ይላል፤ ይህም ዲኤንኤ መሠራት ከመጀመሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ለአዲስ ፕሮቲን ሥራ የማይጠብቅ፣ ከመጋዘን የሚወጣ ትእዛዝ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሴሎቹ አዲስ እየሠሩ ይተኩታል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በድንገተኛ የጉበት ውድቀት የታመመ ሰው ደም ውስጥ ኤችጂኤፍ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ከዚያም ነው የተጣራው። ግን የዚያ ሰው ጉበት ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይነሣም። ትእዛዙ እየተላለፈ ነው፣ የሚሰማው ሴል ግን ሞቷል ወይም መልስ መስጠት አልቻለም። «ሆርሞን ይሰጠው፣ ይበቅልለታል» የሚል ቀላል ተስፋ ለሕመምተኛ ቤተሰብ ሲነገር ስሰማ የማዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

አጋዦቹ

የቀሩትን ባጭሩ ልለፋቸው፤ አናሳ ስለሆኑ ሳይሆን ታሪካቸው ስለሚመሳሰል ነው። ኖርኤፒኔፍሪን የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ከቀዶ ጥገናው በኋላ በደም ውስጥ ይጨምራል፣ ኢጂኤፍና ኤችጂኤፍ የሚሰጡትን ትእዛዝ ያጎላል፤ የሚቀበለው ሪሴፕተር ፕራዞሲን በሚባል መድኃኒት ሲዘጋ የዲኤንኤው ሥራ ይዘገያል። ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ላይ መከፋፈሉ ይጓደላል፤ ይህ በ1996 ታየ። የሐሞት አሲድ ሲጨምር ሴሉ የሚያውቅበት መንገድ እንዳለም በ2006 ተገለጠ። የኢስትሮጅን ነገር ትንሽ ይለያል፦ በ1973 የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ሴቶች ላይ የሚታይ የጉበት አዴኖማ (ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) በሕክምና መጽሔት ሲዘገብ፣ ሆርሞን ለረዥም ጊዜ ሲጨምር ሴል ያለ ጉድለት ሊባዛ እንደሚችል አሳስቧል። የታይሮይድ ሆርሞን ቲ3 ደግሞ ከሁሉም የሚለየው ጉበቱ ሳይቆረጥ የአይጥን የጉበት ሴሎች ወደ ዑደት ስለሚያስገባ ነው።

ሚካሎፖሎስ እነዚህን ሁሉ በሁለት መክፈሉ ብዙ ግራ መጋባትን ያስወግዳል። የመጀመሪያዎቹ ያለ ሴረም ሳህን ላይ ብቻቸውን ሴልን እንዲከፋፈል ማድረግ የሚችሉ ናቸው፦ በሜት በኩል የሚመጣው ኤችጂኤፍ፣ በኢጂኤፍ ሪሴፕተር በኩል የሚመጡት ኢጂኤፍ እና የጉበት ሴል ራሱ የሚሠራው ሌላ የእድገት ፋክተር፣ ቲጂኤፍ አልፋ። ሁለተኛዎቹ ብቻቸውን አያስጀምሩም፣ ሲጠፉ ግን ሥራው ይዘገያል፦ ኢንሱሊን፣ ኖርኤፒኔፍሪን፣ ኢንተርሉኪን 6፣ የሐሞት አሲድ። አንድ ነገር ሲወገድ ጉበቱ ከዘገየ፣ ያ ነገር አዛዥ ነው ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት የተነበቡት ጽሑፎች የሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የሚያቆመው ወገን ቲጂኤፍ ቤታ የተባለው ፕሮቲን ታሪክ ነው። ሳህን ላይ የጉበት ሴልን መከፋፈል ያቆማል። ግን በተቆረጠ ጉበት ውስጥ የሚጨምረው ገና መከፋፈሉ በተጧጧፈበት ሰዓት ነው፤ ሴሎቹ በዚያን ጊዜ ለእሱ ጆሮ የማይሰጡ ሆነው ይገኛሉ። ከቻሎን የተወረሰው «አንድ ልጓም» የሚለው ሐሳብም እንደ «አንድ አዛዥ» ሁሉ አልቆመም።

ወሳኙ ፈተና በ2016 መጣ። ሚካሎፖሎስ የሚመራው ቡድን በትንንሽ አይጦች ላይ ሜትን ብቻ ሲያስወግድ ወይም የኢጂኤፍ ሪሴፕተርን ብቻ በመድኃኒት ሲያግድ ጉበቱ ዘግይቶ ቢሆንም ተመለሰ። ሁለቱን አንድ ላይ ሲያደርግ ግን አልተመለሰም። የቀረው ሥጋ አልጨመረም፣ አይጦቹም በ14 ቀን ውስጥ ሞቱ። ያ ሁሉ ኢንሱሊን፣ ያ ሁሉ ኖርኤፒኔፍሪን እንዳለ ነበር፤ የሚያስጀምረው ሲጠፋ ግን አጋዡ ብቻውን አልበቃም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ አይጥ እንመለስ፤ ጉበቷ ያልተነካው ወደ ነበረው። በቱቦው በኩል ኤችጂኤፍ ደርሷት ሊሆን ይችላል፣ ኢጂኤፍና ኖርኤፒኔፍሪንም እንደዚሁ። ሴሎቿ መልስ ሰጡ፤ ግን መልሳቸው ከተቆረጠችዋ ጉበት መልስ ያነሰ ነበር። በ1994 ከሚካሎፖሎስ ቡድን የወጣ ሥራ ይህን ለመረዳት ያግዛል። ኤችጂኤፍ ለጤነኛ አይጥ ጉበት በቀጥታ ሲሰጥ ጥቂት ሴሎች ብቻ ዲኤንኤ መሥራት ይጀምራሉ። አስቀድሞ ድሩን የሚያፈታታ ኢንዛይም፣ ኮላጅኔዝ፣ በትንሽ መጠን ተሰጥቶ በሴሎቹ ዙሪያ ያለው ድር ሲላላ ግን ያው ኤችጂኤፍ ብዙ ሴሎችን ያነሣል። የሁለተኛዋ አይጥ ፖርታል ደም እንደ ቀድሞው በሙሉ ጉበት ላይ ይፈስ ነበር፤ ዩሮካይኔዝ የሚበረታበት ምክንያት አልነበረም፤ ድሩም አልተፈታም። ትእዛዙ በቱቦ ደረሳት፤ ድሩን የሚያላላው ሥራ ግን በራሷ ጉበት ውስጥ መሠራት የነበረበት ስለሆነ በቱቦ ሊመጣ አይችልም ነበር።